መኪና የማያልፍበት መንገድ

ሰዓት ሠሪው እሁድ እሁድ ጠዋት ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱ ተነቀለ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ መንገዱም ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ተተወ። መኪና አያልፍበትም። ሞተር እንኳ አይገባበትም። በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ወንዙ፤ የሚሰማው የውሃው ድምፅና ከጎማ ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠር ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪው መንገዱን የሚወደው ስለ ውበቱ ብቻ አልነበረም። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ግን ከታላቅ እህቱ በቀር ለማንም አልነገረም።

መንገዱ በሚጀምርበት አሮጌ ጣቢያ ብስክሌት የሚያከራዩት አባትና ልጅ ነበሩ። አባትየው በባቡሩ ዘመን የጣቢያው ምልክት ሰጪ ነበሩ። ልጃቸው ብስክሌት ትጠግናለች፤ ጎብኚ ሲመጣም ከፊት እየነዳች ሸለቆውን ታሳያለች። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ፍሬኔ» ይሏታል፤ ቁጣቸው ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ ብስክሌት ነውና የሚያቆማቸው እሷ ብቻ ነበረች። ቅጽል ስሙ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰና የወጣላትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ።

ፍሬኔ ሰዓት ሠሪውን ልብ ያለችው ሁልጊዜ ከዋሻው አፍ ስለሚመለስ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የድሮው የባቡር ዋሻ አለ። እሱ እዚያ ሲደርስ ይወርዳል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል፣ ከዚያ ወደ መጣበት ይዞራል። አንድ እሁድ ጎብኚዎቿን አሳልፋ ስትመለስ እዚያው አገኘችው።

«ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምትመለሰው» አለችው።

ቀና አለ። ዓይኑን ሲያሳርፍባት ሙሉ ለሙሉ አሳረፈባት፤ ከእሷ ሌላ በዚያ ሸለቆ ምንም የሌለ ይመስል። እንዲያ ተደርጋ ታይታ አታውቅም።

«ጎበዝ ታዛቢ ነሽ» አላት።

«ሥራዬ ነው። ከዋሻው ወዲያ ያለውን አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እየመጣህ?»

«ለሌላ ጊዜ አስቀምጬው ነው።»

«ደግ ነገር ሲያስቀምጡት ይሻግታል» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ግማሹን ብርቱካን ሰጣት።

በሚቀጥለው እሁድ ጎብኚ አልነበራትም። ዋሻው ጋ ደርሳ «ተነስ፣ ላሳልፍህ» አለችው።

«ጨለማ እፈራለሁ» አለ። እንደ ቀልድ ነበር ያለው፤ ድምፁ ግን አልቀለደም።

«እኔ ደግሞ አይጥ እፈራለሁ። ምንም የማይፈራ ሰው ካገኘህ ሽሸው። እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርግ።»

ብስክሌቶቻቸውን እየገፉ ገቡ። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። እሷ «ጉድጓድ አለ፣ እግርህን አንሳ» ትለዋለች፤ እሱ ያነሳል። መዳፉ ትከሻዋ ላይ እንደ ወፍ ልብ ይመታ ነበር። አራት መቶ ያህል እርምጃ ሄደው ሲወጡ ሸለቆው በድንገት ሰፋ፤ ወንዙ ረግቶ ተኝቷል፣ ዳርና ዳሩ ሸምበቆ ነው፣ ነጫጭ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ሰዓት ሠሪው ጭንቅላቱን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ እያዞረ ቁራሽ በቁራሽ አየው።

«ይኼን ሁሉ ነው ያስቀመጥኩት?» አለ፤ ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

ፍሬኔ የደስታ እንባ መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ የሁለቱ ሆነ።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከገበያው ደረጃ ሥር ያለች ባለ አንድ በር ክፍል ናት። ፍሬኔ አንዳንዴ በመስኮቱ ታየዋለች። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ብሎን በወረንጦ አንስቶ ቦታው ላይ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ምን ያመልጠዋል ብላ ትገረማለች።

አንድ ረቡዕ ግን ከአባቷ ጋር ገበያ ሳለች ሲመጣ አየችው። ደስ ብሏት ወደ ጎኑ ተጠጋችና እጇን ዘረጋች። ሰዓት ሠሪው ፊት ለፊቱን እያየ፣ ክርኗን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ዝም ብሎ አለፈ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይኼ ነው ያንቺ ሰው?» አሉ አባቷ።

ፊቷ ጋለ። እሁድ ሲመጣ ሰላምታውን አልመለሰችም።

«ረቡዕ ገበያ ላይ አላየኸኝም?»

የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቱ አሻሸ።

«ሐሳብ ይዞኝ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እጄን ዘርግቼ እኮ ነበር! አባቴ ፊት!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ እንደገና፤ ፊቱ አመድ መስሎ። አዘነችለትና ይቅር አለችው፤ ነገሩ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አብሯት ሄደ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሰዓት ሠሪው ቤቱ ገብቶ ከእህቱ ማዶ ተቀመጠ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ፊቱን አይታ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«አልነገርካትም አይደል?»

«አልነገርኳትም፣ እትዬ።»

ያልነገራት ይህ ነው። ዓይኑ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን ጥቃቅኑን ሳይቀር ያያል፤ ከጎን የቆመ ሰው ግን ለእሱ የለም። ብርሃን ሲቀንስ ጨርሶ አይታየውም። እናታቸውን ያሳወራት በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ሐኪሙ ብስክሌት እንዲተው ከነገረው ዓመት አልፎታል።

«ብነግራት ታዝንልኛለች» አለ። «በሐዘኔታ የተጀመረ ፍቅር ምን ፍቅር ነው?»

«በውሸት የተጀመረውስ?» አለች እህቱ። «ብስክሌቱንስ መቼ ነው የምትተወው?»

«መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ምን ይመጣብኛል?»

«ሰው!» አለች ጨርቁን ከጭኗ ላይ እየወረወረች። «ሰው አለ እኮ በመንገዱ!»

ብስክሌቱን ከተወ ወንዙም እሁዱም ፍሬኔም በአንድ ቀን የሚሄዱበት መሰለው። አንድ ሳምንት ብቻ አለ ለራሱ። ከዚያ ሌላ ሳምንት አለ።

ከዚያ ወዲህ በአራተኛው እሁድ የፍሬኔ አባት የተሰበረ የእንጨት አጥር ሊጠግኑ ወደ ሸለቆው ወርደው ነበር። መዶሻቸውን ይዘው ቋጥኙን ተጠግተው ቆመዋል። ልጃቸው ደወሏን እያንቃጨለች አለፈቻቸው። አባትየው አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው «ፍሬኔ!» እያሉ፣ እጃቸውን እያውለበለቡ ሁለት እርምጃ ወደ መሐል ገቡ። ሰዓት ሠሪው ከኋላዋ ይነዳ ነበር። ዓይኑ የልጅቷ ጀርባ ላይ ነበር፤ ሽማግሌው ለእሱ አልነበሩም። ሙሉ ኃይሉን ይዞ ገጫቸው።

ፍሬኔ ዞር ስትል አባቷ ድንጋዩ ላይ ወድቀዋል፤ ቀኝ እግራቸው እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል።

መኪና የማይገባበት መንገድ አምቡላንስም አይገባበትም። ሽማግሌውን በሰው ሸክም፣ በቃሬዛ አድርገው ስድስት ኪሎ ሜትር አወጧቸው። ሰዓት ሠሪው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ ለማንም ሳይለቅ ሄደ። በሄዱ ቁጥር ሽማግሌው ያቃስታሉ፤ ባቃሰቱ ቁጥር እሱ ከንፈሩን ይነክሳል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ፍሬኔ ፊት ለፊቱ ቆመች። እጇ ላይ የአባቷ ደም ደርቋል።

«እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር። እየጮኹ ነበር። እንዴት አላየሃቸውም?»

«አንቺን ነበር የማየው» አለ።

እውነቱን ነበር። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ እንደዚህ እውነት የሆነ አልነበረም። ለእሷ ግን ቦታውን የሳተ የፍቅር ቃል ሆኖ ተሰማት።

«አሁን ይኼ የሚባል ነገር ነው?» አለችና ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ብስክሌቱን ጣቢያው በር ላይ አስደግፎ በእግሩ ሆስፒታል መጣ። ሽማግሌው እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተኝተዋል፤ ፍሬኔ አጠገባቸው ናት። ሰዓት ሠሪው አልተቀመጠም። ሁሉንም ተናገረ፤ በሽታውን፣ እናቱን፣ ሐኪሙ የከለከለውን፣ ሁሉንም።

ሽማግሌው እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ማየት እንደማትችል እያወቅህ ነው የምትነዳው?»

«እያወቅሁ ነው፣ ጋሼ።»

«በዚያ መንገድ ሕፃን ልጅ ይሄዳል። እርጉዝ ትሄዳለች። ይኼንንም ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ውጣልኝ!»

ፍሬኔ በዚያን ቀን አባቷን ልታቆማቸው አልሞከረችም። ተከትላው ግን ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«ዋሻው?»

«ጨለማ ውስጥ አይታየኝም።»

«ገበያው?»

«ከጎኔ ነበርሽ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ስንቱን ቀን ስንቱን ነገር ከራሷ ጋር ስትሟገትበት እንደነበር አሰበች።

«ጨለማ እፈራለሁ ስትለኝ አመንኩህ» አለች። «ሐሳብ ይዞኝ ነው ስትለኝም አመንኩህ። ዓይንህ አይደለም ያስቀየመኝ። አፍህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር አልተያዩም።

ሽማግሌው በክራንች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሙ በየጠዋቱ እንዲራመዱ አዝዟል፤ ፍሬኔ ግን ጠዋት ጠዋት ጎብኚ አለባት። አንድ ማክሰኞ ሽማግሌው በሩን ከፍተው ሲወጡ ሰዓት ሠሪው ደጁ ላይ ቆሟል።

«ክንድዎን ልያዝልዎ፣ ጋሼ።»

«ከዓይኔ ጥፋ!»

ሄደ። በማግስቱ መጣ። ተባረረ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ እየዘነበ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ከዓይንህ ሌላ ጆሮህም አይሠራም?»

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ዝናቡን አዩ፤ ክራንቻቸውን አዩ፤ ሰውየውን አዩ። «እስቲ ና» አሉ። «አንካሳና ዕውር ተደጋግፈው ወጡ ብሎ ሰፈሩ ይሳቅ፤ የሚያስቀው ነገር ካጣ ቆይቷል።»

መጀመሪያ በዝምታ ይሄዱ ነበር። እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ። ሽማግሌው «ድንጋይ በግራህ» ይላሉ፤ እሱ ክብደታቸውን ይሸከማል። ሁለተኛው ወር ላይ ድልድዩ ጋ አረፍ ብለው ሳለ ሽማግሌው ወንዙን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«ጣቢያው ላይ ስሠራ፣ ታክሜ ሳልድን በፊት፣ ጆሮዬ ከድቶኝ ነበር። የሚመጣውን ባቡር ፉጨት አልሰማም። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ሁለት ዓመት ደበቅኩ። የማስተላልፈው ጭነት አልነበረም፤ ሰው ነበር።»

ሰዓት ሠሪው ፊቱን ወደ ሽማግሌው አዞረ።

«ማንንም አላስገደልኩም» አሉ ሽማግሌው። «ጎበዝ ስለሆንኩ ግን አይደለም። ዕድል ነው። አንተ ያጣኸው እሱን ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የጮህኩት ባንተ ላይ ብቻ አልነበረም።»

ያን ቀን እራት ላይ ልጃቸውን አይተው አይተው «ያ ልጅ ስለ አንቺ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም» አሏት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ጥያቄው ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ሲመለስ አየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እኔን ሳይሆን ያንን ነው የሚሸከመው።»

ፍሬኔ ሳህኗን አንስታ ወጣች። ማጠቢያው ጋ ግን ውሃውን ሳትከፍተው ቆማ ቀረች።

ሐሙስ ዕለት ሱቁ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ነበር፤ በሩ ጋ ስትቆም አላያትም። መከፋት ጀምሯት ነበር፤ ወዲያው ምክንያቱ ትዝ አላት። አንድ የእንጨት ዱካ ጎትታ በትክክል ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ወረንጦው ከእጁ ወደቀ።

«ቀጠንሽ» አለ።

«አንተም። አሁን ንገረኝ። የቀረ ነገር ካለ ዛሬ ጨርሰው።»

አጉሊ መነጽሩን አውልቆ አስቀመጠ።

«እናቴ በአርባ ሁለት ዓመቷ ታወረች። አባቴ ጥሏት አልሄደም። ሰው ሁሉ ደግ ባል ይለው ነበር። ግን አለመሄዱን አንድ ቀን እንኳ እንድትረሳው አላደረገም። ውሃ ሲያቀብላት ይተነፍሳል። ሲመራት ይተነፍሳል። ያንን ትንፋሽ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን ካንቺ ብሰማው…» አልጨረሰውም።

ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይቆጥራሉ።

«አይሰለቸኝም ብዬ አልምልልህም» አለች። «ይሰለቸኛል። የአባቴ እግር ራሱ ሰልችቶኛል። ግን አልተነፍስብህም። ሲሰለቸኝ ሰለቸኝ እልሃለሁ። አንተም ሳይታይህ ሲቀር አልታየኝም በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ልጅ ብንወልድስ? ለልጅም ሊተላለፍ ይችላል።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አለ።»

«ይኼ ያልተባለለት ልጅ ተወልዶ ያውቃል?»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ዓይኑ ሥር፣ መሐል ላይ። አየው፤ ያዘው፤ ግንባሩን አስደግፎበት አለቀሰ። እሷም አላባበለችውም፤ ተወችው።

ዝናቡ ሲያበቃ ተጋቡ። ቀሚሷን የሰፋችው የሙሽራው እህት ነበረች። አባቷ በአንድ ከዘራ ቆመው «አንካሳ ዳረ፣ ዕውር አገባ!» እያሉ ሰዉን አሳቁ።

ኑሯቸው ቀላል ነበር ብሎ የሚያወራ ይዋሻል። በስድስተኛው ዓመት የዓይኑ መሐልም ተዘጋበት። ሰዓት ሠሪው የሰው ሰዓት ለየባለቤቱ መለሰ፣ ሱቁን ዘጋ፣ ብዙ ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ፍሬኔ የሁለት ሰው ብስክሌት ገዝታ ስታመጣ «እኔ ዕቃ አይደለሁም፣ ከኋላሽ የምትጭኚኝ» ብሎ ጮኸባት። እሷም ጮኸች። አንድ ዓመት ሙሉ ብስክሌቱ አቧራ ለበሰ፤ አንድ ጠዋት ግን እሱ ራሱ ፔዳሉን በእግሩ ፈልጎ ኮርቻው ላይ ወጣ። ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ዓይኗን በየዓመቱ ያስመረምሯታል። እስካሁን ደህና ናት። የነገውን የሚያውቅ የለም። በምርመራው ቀን ሁለቱም ቁርስ አይወርድላቸውም።

ሰዓት ሠሪው ዛሬ ጣቢያው ውስጥ የብስክሌት ጎማ ቸርኬ ያቃናል። ቸርኬውን አሽከርክሮ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ፣ የጠመመውን ሽቦ ከሚያይ ሰው ፈጥኖ ያገኘዋል። ሚስቱ ከሸለቆው ስትመለስ ከሩቅ ጎማዋን በድምፁ ይለየዋል፤ ወንዙ ሞላ ወይ ጎደለ፣ ወፎቹ መጡ ወይ ሄዱ እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም ትነግረዋለች።

ባለፈው ሳምንት ከሃያ ጎብኚዎች ጋር ውላ፣ ትከሻዋ ወድቆ፣ ልብሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰች። እሱ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«ዛሬ ሰልችቶኛል። ምንም አትጠይቀኝ።»

«እሺ» አለ።

አልተቀየመም። ቸርኬውን ወደ ጎን አድርጎ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላት። ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ ጥቂት ቆይታ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። እሱ ሥራውን አልቀጠለም፤ ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር። የድካም ትንፋሽ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ከዚያ እሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ወሬዋን ከወንዙ ጀመረች።